ዝምድና፦ የለም

ወንድማማቾቹ የጨርቅ መቁረጫ ጠረጴዛቸውን በመጋዝ ለሁለት ከገመሱት ስድስት ዓመት አልፏል። ጤነኛ ሰው ጠረጴዛ አይገምስም፤ እነሱ ግን ገመሱት። ሃያ ዓመት ፊት ለፊት ተቀምጠው የሰፉበትን ሱቅ መሐል ለመሐል በኮምፔልሳቶ ከለሉት፤ ታላቅየው በዋናው መንገድ በኩል ያለውን በር ያዘ፣ ታናሽየው በጎን ባለችው ቅያስ ሌላ በር አስከፈተ። ግማሽ ጠረጴዛ በሁለት እግር አይቆምምና እያንዳንዱ የድርሻውን ግድግዳ ላይ በሚስማር መታው። ኮምፔልሳቶው ስስ ነው። አንዱ ሲያስነጥስ ሌላው ጥርት አድርጎ ይሰማል፤ ይማርህ የሚል ግን የለም።

ያጣላቸው እጅጌ ነው። ያኔ አንድ ትምህርት ቤት የሁለት መቶ ልጆች ዩኒፎርም ኮት አዟቸው ነበር። ታላቅየው ደንበኛ ያነጋግራል፣ ልክ ይወስዳል፤ ታናሽየው ይቆርጣል፤ ኋላ ሁለቱም ይሰፋሉ። ብዙ ልብስ በአንድ ጊዜ ሲቆረጥ ጨርቁ ተደራርቦ ይነጠፋል፤ አንዱ ድርብ ፊቱን ወደ ላይ፣ ቀጥሎ ያለው ፊቱን ወደ ታች። ድርቦቹ እንዲህ ፊት ለፊት ካልተያዩ፣ ከላይ የካርቶን ልክ አስቀምጦ የሚቆርጥ ሰው የሚያገኘው የአንድ ወገን እጅጌ ብቻ ነው። የዚያን ቀን የሆነውም ይኸው ነው። አራት መቶ እጅጌ ተቆረጠ፣ አራት መቶውም ግራ፤ ቀኝ የሚባል ለምልክት እንኳ አልተገኘም። የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር መጥቶ ክምሩን ሲያይ ታላቅየው "የቆረጠው ወንድሜ ነው" አለ። ታናሽየው "እኔ በደንብ ነው ያነጠፍኩት" ብሎ ማለ፣ ተገዘተ። ማን ይስማው? ወሬው ሠፈሩን አዳረሰ፣ "ግራ እጅጌ" የሚል ቅጽል ስም ወጣለት። በመቀሱ የተመሰከረለት ሰው፣ ከዚያ ወዲህ ሱሪ ከማሳጠርና ዚፕ ከመቀየር ያለፈ ሥራ የሚሰጠው ጠፋ። ወንድማማቾቹም ሆድና ጀርባ ሆነው ቀሩ።

የታላቅየው ልጅ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ዓለም አቀፍ ግንኙነት የምታጠና የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ናት። ትምህርቱ ምን እንደሆነ ከቤተሰቡ በቅጡ የገባው የለም፤ እሷም ብትሆን የመጀመሪያውን ዓመት የጨረሰችው ሳይገባት ነው። ክፍል ውስጥ የካርቶን ታፔላ ፊታቸው አቁመው፣ ሀገር ሆነው ይከራከራሉ። አንድ ጊዜ ካርታ ላይ ፈልጋ ያጣቻትን ደሴት ወክላ ስለ ዓሣ ማጥመድ መብት አሥር ደቂቃ ተናግራ ተጨብጭቦላታል። አባቷ ግን ለመጣው ደንበኛ ሁሉ "ልጄ ሀገር ከሀገር ማስታረቅ ነው የምትማረው" ይላል አፉን ሞልቶ። አንዲት ምላሰኛ ደንበኛ አንድ ቀን "እስቲ መጀመሪያ ከዚህ ግድግዳ ወዲያ ያለውን ታስታርቅ" ብላ ወጋችው። አባቷ አንገቱ ላይ ያንጠለጠለውን ሜትር ስቦ የወገቧን ልክ ይወስድ ጀመር።

አጎቷ ደግሞ ዩኒቨርሲቲ የገባች ዕለት "አምባሳደሯ" ብሎ ሰየማትና ከዚያ ወዲያ በስሟ ጠርቷት አያውቅም። ደንበኛ ጨርቅ ሲያመጣ ሙሉ ስም የተጻፈባት ብጣሽ ወረቀት በመርፌ ቁልፍ ይሰካበታል፤ እሷ ጉርድ ስታሳጥር እንኳ ወረቀቷ ላይ የሚጽፈው "አምባሳደሯ" ብሎ ነው። በሁለቱም በር ያለ ቪዛ የምትገባና የምትወጣ እሷ ብቻ ናት። እናቷ እንኳ የባሏን ፊት ፈርታ በዚያ ቅያስ ማለፍ ከተወች ቆይታለች።

በመጨረሻው ዓመት የድርድርና የግጭት አፈታት መምህራቸው አንድ ጽሑፍ አዘዙ። ቀጭን፣ ነገር ቶሎ የሚሰለቻቸው ሰው ናቸው።

"ከኢንተርኔት የተቀዳ ጦርነት አምጥታችሁ እንዳታደክሙኝ" አሉ። "በጆሯችሁ የምትሰሙትን ጠብ ፈልጉ። ሁለቱንም ወገን ለየብቻ አነጋግሩ። ስም የለም፤ ወገን ሀ፣ ወገን ለ ነው የምትሉት። ደግሞ አንዱ የነገራችሁን ለሌላው አታደርሱም። ገለልተኛ ናችሁ።"

ከሁሉ አብልጦ የጻፈውን ለውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት የልምምድ ሥራ እንደሚጠቁሙም ተናገሩ። ልጅቷ ይቺን የልምምድ ሥራ ከመጀመሪያው ዓመት ጀምራ ስታልማት የኖረች ናት። የቀሩት ሲተራመሱ እሷ ጠቡ እጇ ላይ ነበር፤ ከእንቅልፏ የሚቀሰቅሳት የዚያ ሱቅ ወሬ ነው። ችግሩ አንድ ብቻ ነበር፤ ዘመድ ማጥናት ክልክል ነው። በታደላቸው ቅጽ ላይ "ከተጠኚዎቹ ጋር ያለ ዝምድና" የምትል መስመር አለች። እስክሪብቶዋን ይዛ ትንሽ ቆየች። ከዚያ "የለም" ብላ ጻፈች። ሦስት ፊደል ናት፤ ለመጻፍ ምንም አትከብድም።

ማክሰኞ ከሰዓት አባቷን አነጋገረች። የፈቃድ ቅጹን ስትሰጠው እጁን በሱሪው ጠርጎ፣ መነጽሩን አጥልቆ፣ እንደ ሚኒስትር ኮራ ብሎ ፈረመ። መጀመሪያ የድሮውን ነገር ደገመላት፤ ወንድሜ ቸኩሎ፣ ወንድሜ ሳያይ፣ ወንድሜ እንዲህ፣ ወንድሜ እንዲያ። እሷም መምህሩ ያስተማሯቸውን አደረገች። "ዝም በሉ" ብለው ነበር፤ "ዝምታውን ሰውየው ራሱ ይሞላዋል።" አባቷ ያንን ዝምታ አልቻለውም።

"ይሄን ነገር ሌላ ሰው አያየውም አይደል?"

"አያየውም አባዬ። ምስጢር ነው፤ ፈርመሃል እኮ።"

አባቷ ኮምፔልሳቶውን በዓይኑ ጠቆም አደረገና ድምፁን ቀነሰ። "ጠዋት እሱ በደንብ አንጥፎት ነበር። ከዚያ ሚስቱን ሐኪም ቤት ሊያደርስ ወጣ። አንዲት ሴትዮ ሐዘን ደርሶባት ጥቁር ቀሚስ ዛሬውኑ ካልሆነ ብላ መጣች፤ ጠረጴዛው ያው አንድ ነው። ክምሩን አነሳሁና የሷን ቆረጥኩ። እሱ ሲመጣ እንዳይቆጣኝ ብዬ ቶሎ ቶሎ መልሼ አነጠፍኩት። ሁሉንም ፊቱን ወደ ላይ። አላስተዋልኩም፣ ሙቺ! እሱ ከላይ ያለውን ብቻ አየና ቆረጠ።"

"ለምን አልነገርከውም?"

"ርዕሰ መምህሩ ሲመጣ ልናገር ነበር። አፌ ላይ የመጣው ሌላ ሆነ። አንዴ ካመለጠኝ በኋላ ደግሞ…" እጁን አወናጨፈና ተወው።

ልጅቷ ሁሉንም ጻፈች። ያኔ የተሰማት ሐዘን ቢሆን ምን ነበረበት! ደስታ ነበር። ጥሩ ጽሑፍ እጇ እንደገባ አውቃ ልቧ ዘለለ። ኋላ ላይ ባስታወሰችው ቁጥር የምትሸማቀቀው በዚያች ዝላይ ነው።

ሐሙስ ዕለት አጎቷ ዘንድ ሄደች። የአንድ ሱሪ ጫፍ እየለካ ነበር። ለካ፣ በጠመኔ አሰመረ፣ አጠፋ፣ እንደገና ለካ።

"ጋሽዬ፣ ሦስት ጊዜ ትለካለህ እንዴ?"

"ጨርቁ ከታገሰኝ አራትም እለካለሁ" ብሎ ሳቀ። ቅጹን ሲያይም "ፊርማዬን ለየትኛው መንግሥት ነው የምታደርሽው?" አላት። ሻይ አፈላላት፣ ዳቦውን ቆርሶ ትልቁን ወደ እሷ ገፋላት። ስለዚያ ቀን ስትጠይቀው ግን ሳቁ ጠፋ።

"መጀመሪያ እምል ነበር" አለ። "በደንብ እንዳነጠፍኩት እጄ ያስታውስ ነበር። እየቆየ ግን ትዝታው ላላ። የሚስቴ ሕመም አስጨንቆኝ፣ ልቤ እዚያ ሆኖ፣ እኔው ሳላገላብጥ አንጥፌው ይሆናል እላለሁ አሁን። ሰው ሁሉ አንድ ላይ አይሳሳትም። ደግሞ ወንድሜ በብዙ ነገር ይጣላኛል እንጂ አይዋሸኝም። እጄን ማመን ከተውኩ ቆየሁ፣ አምባሳደሯ።"

አንድ ቃል ነበር የሚበቃው። አንተ አልነበርክም፣ አባዬ ነው፤ አለቀ። ልትለው ነበር። የመምህሩ ደንብ ትዝ አላት፤ የአባቷ ፊርማ ትዝ አላት፤ የልምምድ ሥራውም ትዝ አላት፣ እሱንም አንደብቅ። ዳቦዋን ጎረሰችና የተናገረውን ቃል በቃል ጻፈች።

ጽሑፏ ክፍሉን አስደነቀ። መምህሩ ሌላ ሰው ሲያመሰግኑ ታይተው አያውቁም፤ የእሷን ግን ቆመው አነበቡት። "'ወገን ለ' ከጊዜ ብዛት የኃያሉን ወገን ትረካ የራሱ አድርጎ ተቀብሏል፤ አሁን ራሱን የሚከስሰው ራሱ ነው።" ይቺን ሁለት ጊዜ ደገሟት። ተጨበጨበ። ልጅቷ ጠረጴዛው ላይ አቀርቅራ ጆሮዋ ሲግል ተሰማት። አጠገቧ የተቀመጠችው ልጅ "ከየት ነው ያገኘሻቸው ባክሽ?" ስትላት፣ "እዚያ ሠፈር የማውቃቸው ሰዎች ናቸው" አለች። የማውቃቸው ሰዎች! አንዱ ያዘላት፣ አንዱ ያስጠናት!

ስትወጣ መምህሩ ኮሪደር ላይ ጠሯት። "የልምምዱን ደብዳቤ ጽፌልሻለሁ" ብለው ሰጧት። "አንድ ነገር ግን ከነከነኝ። ይሄ ሁለተኛው ሰውዬ አሁንም አያውቅም?"

"አንዱን ለሌላው አታድርሱ ብለውን ነበር።"

"ብያለሁ። ደንቡ ለሩቅ ሰው ነው፤ ሥራሽን ጨርሰሽ ወደ ቤትሽ ትሄጃለሽ። ዘመድሽ ቢሆን እንዴት ትችይው ነበር?" ብለው ፈገግ አሉና ወደ ቢሯቸው ገቡ። እሷ ደብዳቤውን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

ምረቃው ሲቃረብ አባቷ ለምረቃዋ ኮት የሚሆን ሰማያዊ ጨርቅ አምጥቶ ጭኗ ላይ አስቀመጠላት። "እኔ እጄ ሞልቷል" አለ ፊቱን አዙሮ፤ ያን ሳምንት ሦስት ልብስ እንኳ አልነበረውም። "ለዚያኛው ውሰጂለት። ኮት ላይ እሱን የሚያህል የለም።" አጎቷ ጨርቁን ሲያይ ከማን እንደመጣ አልጠየቀም። በመዳፉ ዳሰሰው፣ ልኳን ወሰደ፣ ለነገ እቆርጠዋለሁ አላት። በነጋታው ስትመጣ ጨርቁ እንደተነጠፈ ነው። በሦስተኛው ቀንም እንደተነጠፈ ነው። ላዩ በጠመኔ መስመር ተዥጎርጉሯል፤ ተሰምሮ የጠፋ፣ ጠፍቶ የተሰመረ። መቀሱ አጠገቡ ተቀምጧል፤ ከአባታቸው የወረሱት፣ ጣት ማስገቢያው በአጠቃቀም ብዛት የሳሳ ትልቅ መቀስ።

"ይሄ የመጨረሻዬ ነው" አላት። "ከወሩ ማለቂያ ጀምሮ አንድ ፋብሪካ ውስጥ ልብስ ተኳሽ ሆኜ ልገባ ነው። ካውያ ግራም ቀኝም የለው፣ አይሳሳት።" ራሱ በቀልዱ ሊስቅ ሞከረ። "ያንቺን እንደምንም ልቁረጥና መቀሱን ለአባትሽ ታደርሽልኛለሽ። የአባታችን ነው፤ የማይሳሳት ሰው ጋ ይሁን።"

ልጅቷ ቦርሳዋን አንስታ ተነሳች። ከቅያሱ ወጥታ፣ በጥጉ ዞራ፣ በዋናው በር አባቷ ዘንድ ገባች። ከቦርሳዋ ጽሑፉን አወጣች።

"አባዬ፣ ማሽኑን አቁምና ስማኝ። ክፍል ውስጥ የተነበበው ጽሑፌ ነው፤ በሹክሹክታ ነው የማነብልህ።"

አባቷ ሁለት መስመር እንደሰማ ደሙ ፈላ፤ ኮምፔልሳቶውን ፈርቶ ግን ድምፁን አላነሳም። "ይሄ ነው ክፍል ሙሉ ሰው ፊት የተነበበው? ምስጢር ነው ብለሽ አስፈርመሽኝ?"

"ስምህ የለበትም።"

"ስሜ ባይኖርበትስ! እኔ አይደለሁም እንዴ? አባትሽን ለማርክ ሸጥሽው?"

"አዎ" አለች። "እሱንም ሸጬዋለሁ። ያለውን ስማው።" ከዚያ ሐሙስ ዕለት የጻፈችውን ቃል በቃል አነበበችለት፤ ሐኪም ቤቱን፣ የላላውን ትዝታ፣ ማመን የተወውን እጅ። መቀሱንም ነገረችው። አባቷ ጎንበስ ብሎ ወለሉ ላይ የወደቀ ክር ሲለቅም ቆየ።

"'ወንድሜ አይዋሸኝም' አለ?"

"ብሏል።"

"እንደገና አንብቢው።"

አነበበችለት። አባቷ ሜትሩን ከአንገቱ አውልቆ ማሽኑ ላይ አስቀመጠና ወጣ። ከበሩ እስከ ቅያሱ በር ሃያ እርምጃ ቢሆን ነው፤ ስድስት ዓመት ረግጦት አያውቅም። ልጅቷ ከኋላው ተከተለች።

አጎቷ ጨርቁ ላይ እንዳጎነበሰ ቀና ሲል ወንድሙን የበሩ ደፍ ላይ አየው። አባቷ ያን ሁሉ ዓመት ለደንበኛ ሲያወራ የማይደክመው ሰው፣ የበሩን እንጨት በጥፍሩ ይፍቅ ጀመር።

"ያን ቀን አንተ ሐኪም ቤት ስትሄድ ክምሩን አነሳሁት" አለ በመጨረሻ። "የሴትዮዋን ቀሚስ ቆረጥኩበት። መልሼ ያነጠፍኩት እኔ ነኝ። ሁሉንም ፊቱን ወደ ላይ። ያንተ በደንብ ተነጥፎ ነበር። የዚያኑ ዕለት ነው ያወቅኩት።"

አጎቷ እጁን አየ። ቀኙን፣ የሚቆርጥበትን፤ መዳፉን ገልብጦ አየው። "እኔ አልነበርኩም?" አለ፤ እንዲያው ልጅ እንደሚጠይቀው። "አልነበርክም" አለ አባቷ። አጎቷ ወንበሩን ፈልጎ ተቀመጠና አለቀሰ። አባቷ አጠገቡ ተንበረከከ። "ይቅር በለኝ" አለው፤ ደግሞም አለው። ታናሽየው የወንድሙን ትከሻ መጀመሪያ ገፋው፣ ከዚያ ያዘው፣ ከዚያ አለቀቀውም። ልጅቷ በሩ ጋ ቆማ እንባዋን ትጠርጋለች። አበቃ፣ ተገላገልኩ ብላ ነበር።

አጎቷ አፍንጫውን በብጣሽ ጨርቅ ጠረገና ወደ እሷ ዞረ።

"አንቺስ መቼ ሰማሽ?"

ዛሬ ማለት ትችል ነበር። አባቷ ቀና ብሎ አያትና ዓይኑን መለሰ፤ እሱ ያውቃል።

"ማክሰኞ" አለች። "ያን ጊዜ፣ ለትምህርቴ ባነጋገርኳችሁ ሳምንት።"

"እኔን ያነጋገርሽኝ ሐሙስ ነው።"

"አዎ ጋሽዬ።"

"እጄን አላምነውም ብዬ ስነግርሽ ታውቂ ነበር።"

"አውቅ ነበር።"

ራሱን ነቀነቀ። አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻላት ነበር። ተነስቶ የጠመኔውን መስመሮች ሁሉ በብሩሽ አጠፋቸው። አንድ ጊዜ ለካ፣ አንድ ጊዜ አሰመረ፣ መቀሱን አንስቶ ሰማያዊውን ጨርቅ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሳይቆም ቆረጠው። አባቷ "እጅህ ይባረክ" ሲል ድምፁ ተሰበረ። አጎቷ ከጨርቁ ቀና ሳይል "ቅዳሜ መጥተሽ ውሰጂ" አላት።

በማግሥቱ መምህሩ ቢሮ ገብታ ቅጹ ላይ የጻፈችው ውሸት እንደሆነ ነገረቻቸው። ደብዳቤውን ተቀብለዋት መሳቢያቸው ውስጥ ከተቱት፣ ማርኳንም ቀነሱት፤ የልምምድ ሥራው ለሌላ ተማሪ ሄደ። ቆጭቷታል፣ አልቆጫትም ማለት አይቻልም። ግን ይሄኛው ቅጣት ልኩ የታወቀ ነበርና ቻለችው።

ቅዳሜ ስትሄድ ከሩቅ የመዶሻ ድምፅ ሰማች። ወንድማማቾቹ ኮምፔልሳቶውን እየነቀሉት ነው። አባቷ ሚስማር ይነቅላል፣ አጎቷ ሰሌዳውን ይይዛል፣ "ቀስ በል አንተ፣ ጣቴን ልትቆርጠው ነው" "ቢቆረጥ ግራው ነው፣ ምን አለበት" እየተባባሉ ይሳሳቃሉ። ልጅቷን ሲያይ አጎቷ እጁን አራግፎ መጣ። ኮቱን ከመስቀያው አውርዶ አለበሳት፣ ትከሻዋን አስተካከለ፣ እጆቿን አስዘረጋት። ልክክ ያለ ነበር፤ ቀኙም ግራውም።

"የሚጎትትሽ ቦታ አለ?"

"የለም ጋሽዬ። በጣም ቆንጆ ነው።"

"በይ እንኳን ደስ ያለሽ" አለና ወደ ሰሌዳው ተመለሰ።

ኮቱን አውልቃ ስታጥፈው ገበሩ ላይ የተሰካችውን ብጣሽ ወረቀት አየች። በዚያ በሚያምር የእጅ ጽሑፉ፣ ለማንኛውም ደንበኛ እንደሚያደርገው፣ ሙሉ ስሟን ከነአባቷ ስም ጽፎባታል።